የጡብ ቤታችን ግድግዳ ከታች ይርሳል፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን ሁሉም የየራሱን ይላል

የፒያሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። ቤቱ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው በኩል ነው፣ አባቴ በደርግ ጊዜ በቀይ ጡብ ያሠራው። ብሎኬት አይደለም። ውጪው ጡቡ እንዳለ ይታያል፣ ውስጡ ተለስኗል። የእማዬ መኝታ ክፍል አንዱ ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ ይርሳል። መጀመሪያ የታወቀው በጠረኑ ነው፣ ጋቢዬ ሻጋታ ሻጋታ አለኝ ስትል ቁም ሳጥኑን ሳብ አድርገን ስናይ ቀለሙ አባብጧል፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ ከሥሩ ጨው የሚመስል ነጭ ዱቄት አለ።

ዓምና ለሳኝ አመጣን። የላላውን አራግፎ በሲሚንቶ ግጥም አድርጎ ለሰነው፣ ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። በጋውን ሙሉ ሰላም ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ተመልሶ መጣ። ያውም ድሮ ጉልበት ድረስ የነበረው አሁን ወገብ ደርሷል።

አንዱ ባለሙያ "እስከ 1 ሜትር ሴራሚክ ለጥፍበትና ተገላገል" አለኝ። ሌላው ሐይቁ ነው፣ ምንም አታመጣም፣ ሽጠው አለ። ሦስተኛው ግድግዳውን ሳያይ በስልክ የዋተር ፕሩፍ ቀለም ዋጋ ነገረኝ። ግድግዳው የውጪ ነው፣ ግን አንዱ ጥጉ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ይገናኛል። በውጪ በኩል ግቢው ሊሾ ነው፣ የአሸንዳው ቱቦም እዚያው ይወርዳል። የውሃ ቢል ያን ያህል አልጨመረም። ሁለቴ ብር መጣል አልፈልግም። የምታውቁ እስቲ ከምን ልጀምር?

ግንበኛ ነኝ፦

ወንድሜ ሴራሚኩን እርሳው። ሴራሚክ ውሃውን አያቆመውም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ከዚያ እስከ 1 ሜትር መውጫ ያጣ ውሃ ከሴራሚኩ በላይ ብቅ ይልልሃል፣ ያኔ ደግሞ ሴራሚክ ለማፍረስም ትከፍላለህ።

ጡብ ውሃ ይጠጣል። ያንተ ዓይነት ጡብ ብዙ ጊዜ 24 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ደረቁ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። እንደ አተኳኮሱ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ከታች ውሃ ካገኘ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ወደ ላይ ይስበዋል። ሲስብ ሲስብ የሆነ ከፍታ ላይ የሚወጣውና በአየር የሚደርቀው እኩል ይሆንና እዚያ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር አካባቢ። ዓምና የተለሰነው ድፍን ሲሚንቶ ይሄን ማድረቂያ ዘጋው። ስቱኮውና ቀለሙ ሲጨመር ጭራሽ ታፈነ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ሄደ። ከጉልበት ወገብ የደረሰው በዚህ ነው ባይ ነኝ፣ ሐይቁ በአንድ ዓመት ቤትህ ድረስ መጥቶ አይደለም።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ከአፈሩም ከጡቡም ውሃው አሟሙቶ ያመጣዋል፣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ጨው ሲጠጥር ደግሞ ልስኑን ከውስጥ ገፍቶ ይጥለዋል። ቀለም የሚያባብጠውም እሱ ነው።

አሁን የምልህ፣ ምንም ሳትገዛ የእርጥበቱን ቅርጽ እይ። ከመሬት የሚመጣ ከሆነ የግድግዳውን ርዝመት ተከትሎ ከሞላ ጎደል እኩል መስመር ይሠራል። ቧንቧ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ክብ ነገር ይሆናል፣ ክረምት በጋ አይልም። ከላይ የሚወርድ ከሆነ ኮርኒሱ አጠገብ ምልክት አይጠፋም፣ ዝናብ በጣለ በነጋታው ይብሳል። ያንተ በጋ ጠፍቶ ክረምት የሚመለስ ስለሆነ ቧንቧውን ትንሽ ወደ ኋላ አደርገዋለሁ፣ ግን ሳይፈተሽ አይባልም።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ ግን ሐይቁን ዝም ብላችሁ አትለፉት እላለሁ። የሐዋሳ ሐይቅ እኮ ገባር አለው፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ በገጸ ምድር ግን መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናቡ በርታ ሲል ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል፣ የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮት ነው። እኛ ሰፈር ክረምት ጉድጓድ ስትቆፍር ብዙ ሳትሄድ ውሃ ታገኛለህ። ሁሉን ነገር በለሳኝ ማሳበብ ቀላል ነው።

ግንበኛ ነኝ፦

@ሐይቅ ዳር እናንተ ጋ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ውሃው ከሥር ከሆነ አንድ ግድግዳ መርጦ አይመጣም፣ መሀል ያሉት ግድግዳዎችም ይርሳሉ፣ ወለሉም ያልበዋል። የፒያሳ ልጅ፣ የመሀሉ ግድግዳ እንዴት ነው? ደረቅ ከሆነ ሐይቁን ተወው።

የፒያሳ ልጅ፦

የመሀሉ ደረቅ ነው። ወለሉም ደረቅ ነው።

ቧንቧ ሠሪው፦

ቢል አልጨመረም ማለት ቧንቧ አይደለም ማለት አይደለም። በደንብ ይፈተሽ።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጋ፣ የሽንት ቤቱን ሲፎን ጨምሮ፣ የልብስ ማጠቢያ ካለም። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ጥርስ እያት። ከዞረች የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ባትዞርም ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሣውና ጠዋት ከመነካቱ በፊት ድጋሚ አንሣው፣ ቀስ ብላ የምታንጠባጥብ ጥርሷን ላታዞራት ትችላለች። ማታ የምልበት ምክንያት የከተማው መስመር ግፊት ሰው ሲተኛ ስለሚጨምር ነው፣ ቀን ያልታየ ማታ ይታያል።

ሮቶ ካለህ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከቆጣሪ ወደ ሮቶ የሚሄደውን ዝጋ፣ ሮቶው ውስጥ ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርግ፣ ጠዋት እይ። ከሮቶ ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ቢያፈስ፣ ቆጣሪው የሚነግርህ ሮቶው መሙላት ሲጀምር ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚገባውን ውሃ ነው። የሚወጣውን፣ የፍሳሹን፣ ቆጣሪ አያውቀውም። የሻወሩን ወለል መውረጃ በላስቲክና በጨርቅ ወትፈህ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሙላበት፣ ጠርዙን በእርሳስ አስምር፣ እስከ ነገ ተወው። ከወረደ ወለሉ ወይም የሴራሚኩ መጋጠሚያ ያስገባል። ውሃው ባለበት ሆኖ፣ ውታፉን ስታነሣ ግድግዳው ከራሰ ደግሞ ከሥር ያለው ቱቦ ነው። በደርግ ጊዜ የተሠራ ከሆነ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የብረት ቧንቧ ይሆናል፣ እሱ ከውስጥም ከውጪም ይዝጋል። አሁን ባይሆን እንኳ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም።

ሲቪል ነኝ፦

ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ይውጣ ወይስ ከክፍሉ አየር ግድግዳው ላይ ይረፍ በቀላሉ ይለያል። ልስኑ የለቀቀበትን ጠርገህ ንጹሕ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርገህ ለጥፍ። አንድ ሁለት ቀን ተወው። ላብ የያዘው ግድግዳውን የነካው ገጽ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ያለው ገጽ ከሆነ የአየር እንቅስቃሴ ማጣት ነው፣ መስኮት መክፈትና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ቁም ሳጥን የውጪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲቀመጥ ኋላው አየር ስለማያገኝ፣ ከግድግዳው የሚመጣ እርጥበት ባይኖርም ሻጋታ ያበቅላል።

ሁለተኛ፣ እኔ የጠረጠርኩት የግቢውን ሊሾ ነው። ያኔ የሚሠሩ ጥሩ ግንበኞች ከመሠረቱ በላይ፣ ከጡቡ ሥር፣ የሬንጅ ንጣፍ ያደርጉ ነበር። ውሃ ወደ ላይ እንዳይስብ። ይሄ ንጣፍ ከውጪው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አሁን ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ግቢው መጀመሪያ አፈር ነበር፣ ከዚያ ጠጠር ተደፋበት፣ ከዚያ ሊሾ ወይም ኮብልስቶን ተደረገ፣ ትንሽ ቆይቶ መኪና ይግባ ተባለና ሌላ ንጣፍ ተጨመረ። በየጊዜው ግቢው ከፍ ይላል፣ ቤቱ ባለበት ነው። መጨረሻ ላይ የሬንጁ ንጣፍ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ያኔ ውሃው ከንጣፉ በላይ ባለው ጡብ በጎን ይገባል፣ ንጣፉ ኖረ አልኖረ ዋጋ የለውም።

አሸንዳው ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ነው። ወደዚያ ጥግ የሚወርደው የጣሪያው ክፍል 60 ካሬ ቢሆንና አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,800 ሊትር ነው፣ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 9 ማለት ነው። ይሄ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተደፍቶ ሊሾው ወደ ቤቱ ያዘነበለ ከሆነ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ሊሾውን ጥጉ ጋ ትንሽ አፍርሰህ ከግድግዳው ጎን ቆፍረህ እይ። የሬንጁን ንጣፍ ከግቢው ወለል ከፍታ ጋር አወዳድረው። ከመሠረቱ ሥር ግን እንዳትገባ፣ የድሮ ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነው፣ በክረምት ጎኑን ማራቆት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ወይዘሮ ነኝ፦

እናንተ ስለ ጡብ ታወራላችሁ፣ እናትየው እዚያው ክፍል እየተኙ ነው እንዴ? ልጄ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ወደ ሌላ ክፍል አዛውራቸው። ሻጋታ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ አስም ላለበት ደግሞ የባሰ ነው። ልስኑ ሲፈርስም አቧራው እንዳይነካቸው በሩ ይዘጋ፣ የሚያፈርሰው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን።

ሻጋታውን በበረኪና የሚጠርግ አለ፣ ከላይ ያነጣዋል፣ ልስን ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም። ከጠረጋችሁም በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጉ፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ግድግዳ ለማድረቅ ብሎ ከሰል የሚያነድ ሰውም አይቻለሁ። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል፣ አያደርቅም። እዚያ ግድግዳ ላይ ሶኬት ካለ ብሬከሩን አጥፉት።

የፒያሳ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወይዘሮ። እማዬ ሳሎን አጠገብ ወዳለው ክፍል ዞራለች፣ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር። ሶኬቱም ጠፍቷል።

አሁን ውጤቱን ላምጣ። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያው ቁጥር። ሮቶውም እንደዚያው። የሻወሩ ወለል ውሃ ያዘ፣ ከምልክቱ አልወረደም፣ ሲለቀቅም ግድግዳው ላይ ምንም አልመጣም። ላስቲኩ ላይ ላቡ በግድግዳው በኩል ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ነው።

ከዚያ ሊሾውን ጥጉ ጋ አፈረስኩ። @ሲቪል ነኝ እጅህን ስጠኝ! ከሊሾው ሥር ሌላ ሊሾ አለ። ከሱ ሥር ጠጠር። ከዚያ በታች ጡቡ መሀል ጥቁር መስመር፣ ሬንጅ። አባቴ አሠርቶት ነበር። አሁን ግን ከግቢው ወለል በታች ሁለት ረድፍ ጡብ ገብቷል። ከሬንጁ በላይ ያለው ጡብ በእጅ ሲነካ ይለጥፋል፣ ከሬንጁ በታች አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ ያገኘሁት አፈር ግን ከላዩ ይልቅ ደረቅ ነው። ውሃው ከላይ ነው የገባው ማለት ነው። የአሸንዳው ቱቦ ደግሞ ሊሾው ላይ ሳይሆን ሊሾውና ግድግዳው መሀል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚያፈሰው።

አሁን ምን ይደረግ? ጓደኛዬ ግድግዳ በስቶ የሚወጋ ክሬም አለ፣ ውሃ ወደ ላይ እንዳይስብ ያደርጋል ይላል። ሌላው፣ ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ አለ። እስከዚያ ቀለም ይቀባ ይሆን?

ሐይቅ ዳር፦

በቃ ሐይቁን ነፃ አድርጉት 😄

ሲቪል ነኝ፦

ክሬሙ ንጣፍ ለሌለው ቤት ነው። በጡቡ መጋጠሚያ ላይ በየ10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትሩ ይበሳና ይሞላል፣ በደንብ ከተሠራ ይሠራል። ያንተ ቤት ግን ንጣፍ አለው፣ ተቀብሮ ነው እንጂ። ለሌለ በሽታ መድኃኒት አትግዛ።

ዛሬ ነገ ሳትል የምታደርገው አሸንዳውን ብቻ ነው። ቱቦው ታች ላይ ክርን ግጠምለትና ከቤቱ አርቀው፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ በርሜል። እግረ መንገድህን ከላይ አሸንዳውን ጥረግ፣ ቅጠል ከዘጋው ሞልቶ በግድግዳው ይወርዳል። የቆርቆሮ ሚስማሮቹን ጎማም እይ፣ ፀሐይ ሲበላው ይሰነጠቃል።

የቁፋሮው ሥራ ጥቅምት ይጠብቅ። ዝናቡ ሲያቆም ግድግዳውን ተከትሎ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊሾውን ቁረጥ፣ ከሬንጁ በታች 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉድጓዱን ጠጠር ሞልቶ ይሄዳል። መውጫ የሌለው ጠጠር ኩሬ ነው። ሥሩ ተዳፋት ይኑረው፣ በ1 ሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ጫፉ ግቢው ቦይ ላይ ይድረስ። የቀረውን ሊሾም ውሃው ወደ ቤቱ እንዳይመጣ አስተካክሉት። የተገለጠውን ጡብ ሲሚንቶ እንዳትለስንበት፣ ሬንጅም እንዳትቀባው። ይተንፍስ።

ግንበኛ ነኝ፦

የውስጡን እኔ ልበል። ልስኑን ከእርጥበቱ መጨረሻ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ አፍርስ፣ ጡቡ ይታይ። ይሄን አሁን ብታደርገው ይሻላል፣ ቶሎ መድረቅ ይጀምራል። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፣ የወደቀውን ሰብስበህ ጣል። በውሃ አትጠበው፣ ተመልሶ ይገባል። ጨው ሲወጣ ደግመህ ደጋግመህ ጥረግ። ውጪውንም በግፊት ውሃ ላጽዳው እንዳትል፣ የጡቡ ቆዳ ከተነሣ ጡቡ የበለጠ ይጠጣል።

በጡቦቹ መሀል ያለው ማያያዣ የሟሟ ካለ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በጥንቃቄ ፍቀህ አውጣ፣ በግራይንደር አይደለም፣ በመዶሻና በመሮ። ከዚያ አርጥበህ ሙላው። ቅይጡ ከጡቡ የጠነከረ መሆን የለበትም። 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ። ለልስኑም ይሄው ይሆናል። ግንበኞቻችን "ሲሚንቶ ሲበዛ ይጠነክራል" ይላሉ፣ ይጠነክራል አዎ፣ ግን ለድሮ ጡብ ጥንካሬው ነው ጠላቱ። እርጥበቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ጀሶ አታስነካው፣ ጀሶ ውሃ ሲያገኝ ይላሽቃል።

ስለ ሠርጉ፦ ግድግዳ ለማድረቅ በልምድ የሚታሰበው በወር 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነው። ያንተ ግድግዳ ባለ ሙሉ ጡብ ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩን አንተው ምታው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፣ መስኮት ከከፈታችሁ ይረዳል፣ ግን ለጥር አይደርስም። የፕላስቲክ ቀለም ወይም የዘይት ቀለም አሁን ከቀባህ ዓምና ወደነበርክበት ትመለሳለህ።

የፒያሳ ልጅ፦

ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ጡቡ ተራቁቶ ይታይ ነው የምትለው? እማዬ ይሄን ብነግራት አትሰማኝም።

ግንበኛ ነኝ፦

አይ፣ እንደሱ አልልም። ጡቡ እስከ ታኅሣሥ ተራቁቶ ይቆይ፣ ያንን ጊዜ ስጠው። ከዚያ በዚያ በ1፣ 1፣ 6 ልስን ስስ አድርገህ ልሰነው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ኖራ ቀባው። የጠፋ ኖራ፣ ማለት በውሃ የበረደ፣ በደንብ አጣርተህ፣ ወተት እስኪመስል አቅጥነህ፣ ግድግዳውን ትንሽ አርጥበህ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ። ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ጨው ቢወጣበት ጠርገህ ድጋሚ ትቀባለህ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ዓይንህን ጠብቅ፣ ጓንት አድርግ፣ ያቃጥላል። ሌሎቹን ሦስት ግድግዳዎች የፈለግኸውን ቀለም ቀባቸው። ቁም ሳጥኑን ግን እዚያ ግድግዳ ላይ አትመልሰው።

ወይዘሮ ነኝ፦

ነጭ ኖራ ለሠርግ ቤት ምን አለው? ድሮ ቤት ሁሉ በሱ ነበር የሚያምረው። እናትህን እኔ አሳምናታለሁ፣ ስልኳን በውስጥ መስመር ላክልኝ።